ሁለተኛው ምት

በማረሚያ ቤት የጠያቂዎች አጥር፣ ረፋድ ላይ፤ ባሏን ደምሰውን በመግደል የተከሰሰችው ፋንታዬ ከሽቦው ወዲያ፣ የሟቹ እናት ወይዘሮ አጸደ ከሽቦው ወዲህ ቆመዋል።

አጸደ፦ አይሆንም አልኩሽ! ልጄን ከቀበርኩት ገና ሦስት ወሬ ነው። ደግሞ ፍርድ ቤት ቆሜ ስሙን ልቅበር?

ፋንታዬ፦ እማማ፣ ቀስ ይበሉ፤ ፖሊሷ እየሰማች ነው። የመከላከያ ምስክር የሚሰማው ነገ ብቻ ነው። ከነገ ወዲያ ሌላ ቀጠሮ የለኝም።

አጸደ፦ ጠበቃሽ “ራሷን ስትከላከል ነው” ብሎ ይከራከርልሽ የለ? እኔ ምን አገባኝ?

ፋንታዬ፦ የመጀመሪያውን ምትማ ማንም አልካደኝም። ፍልጥ አንስቶ ክንዴን ሰበረኝ፣ ሊደግመኝ ሲል በዘነዘና መታሁት። ዐቃቤ ሕጉ የያዘኝ በሁለተኛው ነው። “ከጀርባው ነው የተመታው፤ ጀርባውን የሰጠ ሰው ምን አደረገሽ?” ይለኛል።

አጸደ፦ ምን ብለሽ መለስሽ?

ፋንታዬ፦ ዝም አልኩ።

አጸደ፦ ደግ አደረግሽ። ሆድ ይፍጀው።

ፋንታዬ፦ ሆድማ ፈጀው እማማ። የቀረው እኔን መፍጀት ነው።

አጸደ፦ አሽሙርሽን ተይኝ! የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። እኔ ከአባቱ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር፣ ጥርሴን ነክሼ ስንቱን እንዳለፍኩት ማን ያውቃል?

ፋንታዬ፦ ደምሰው ያውቅ ነበር።

አጸደ፦ ምን... ምን አለሽ?

ፋንታዬ፦ ጠጥቶ በመታኝ ማግስት እግሬ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። “እናቴ ስትደበደብ አልጋ ስር ሆኜ አይ ነበር፤ እንደ አባቴ አልሆንም ብዬ ምዬ ነበር” ይለኛል። አብሬው አለቅሳለሁ። እወደው ነበር እማማ። እርስዎ ብቻ ያጡት አይምሰልዎ።

አጸደ፦ ከወደድሽው ለምን ደገምሽው? በመጀመሪያው ወድቆ ነበር። በሩ ክፍት ነበር። ሮጠሽ ብትወጪ ልጄ ዛሬ በሕይወት አለ!

ፋንታዬ፦ ያን ጊዜ እርስዎ የት ነበሩ?

አጸደ፦ ገበያ ነበርኩ ብዬ ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ፋንታዬ፦ እኔ ፖሊስ አይደለሁም።

አጸደ፦ ...ጩኸትሽን ሰምቼ ገባሁ።

ፋንታዬ፦ ከዚያስ?

አጸደ፦ ከወደቀበት ተነሣ። የሽንኩርቱን ቢላ አነሣ። “አንቺም ከእሷ ጋር አበርሽብኝ?” አለኝ። ጡቴን ጠብቶ ያደገ ልጅ! ከግድግዳው ጋር አጣብቆ... ተይኝ ፋንታዬ፣ አታናግሪኝ!

ፋንታዬ፦ እኔ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። ጀርባውን የሰጠኝ ለዚያ ነው። ራሴን ለማዳንማ በሩ ይበቃኝ ነበር።

አጸደ፦ “ከራስ በላይ ነፋስ” ሲባል አልሰማሽም? ለምን አልሄድሽም?

ፋንታዬ፦ እርስዎን ለማን ጥዬ?

አጸደ፦ ኧረ እኔስ ምን ዋጋ አለኝ! እኔን ወስዶ እሱን በተወልኝ!

ፋንታዬ፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ለጠበቃው እንኳ ያልነገርኩት። ትናንት “ሌላ ሰው ለማዳን ብለሽ ከሆነም ሕጉ መከላከል ይለዋል፤ እንደዚያ ነበር ወይ?” ብሎ ጠየቀኝ። ነገ እመልስልሃለሁ አልኩት። ልጅዎ ቢላ መዘዘብዎ ብዬ ያለ እርስዎ ፈቃድ አልናገርም።

አጸደ፦ ብከለክልሽስ?

ፋንታዬ፦ እታሰራለኋ። እርስዎም አልፎ አልፎ ይጠይቁኛል። ሌላ ማን አለኝ?

አጸደ፦ አይ ፋንታዬ... ለቀስተኛው ሁሉ “ደግ ልጅ ነበር” እያለ ነው ያጽናናኝ። ነገ አፌን ከከፈትኩ እሷንም ማጽናኛ አጣለሁ።

ፋንታዬ፦ ደግ ነበር እኮ። ሳይጠጣ ደግ ነበር። ይህንንም ይናገሩለት።

አጸደ፦ ይሰሙኛል ብለሽ ነው?

ፋንታዬ፦ እኔ እሰማዎታለሁ።... ፖሊሷ ሰዓት አልቋል እያለች ነው። ይሂዱ፣ ፀሐዩ ሳይበረታብዎት። ባይመጡም አልቀየምም።

አጸደ፦ ቆይ፣ አትሂጂ። ለጠበቃሽ ንገሪው። አንገቴ ላይ የቢላው ጠባሳ አለ፤ ሦስት ወር ሙሉ በሐዘን ነጠላዬ ጠቅልዬ ማንም አላየብኝም። ነገ ዳኛው ፊት እገልጠዋለሁ። አንቺ ግን ስትፈቺ በቀጥታ እኔ ጋ ነይ፤ ይህን ልጅ ብቻዬን አልቅሼ አልጨርሰውም።