አሥራ ሁለት ያልሞላች ዶሮ

ደብረ ብርሃን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፤ አንዳርጌ የሚገጣጠሙ የእንጨት እንስሳት በኤሌክትሪክ መጋዝ በሚሠራባት ሳሎኑ ውስጥ የሚስቱ እናት ወይዘሮ የሺመቤት ቆመዋል፤ አኩርፋ እሳቸው ቤት የገባችውን የልጃቸውን የትርንጎን ሻንጣ እንዲሰጣቸው ነው የመጡት።

የሺመቤት፦ ያቺን የምታንቋርር መጋዝ አጥፋትና ሻንጣውን አምጣ አልኩህ! አንድ ደቂቃ ብቆይ ሳንባዬ ሰጋቱራ ይሞላል።

አንዳርጌ፦ አጠፋሁ፣ እማማ። ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ ወንበሩን ጠርጌዋለሁ።

የሺመቤት፦ በምን? በዚያው በሸሚዝህ? ኤጭ! ቅንድብህ ላይ ሳይቀር ነው ያለው። ዱቄት ውስጥ የወደቀች አይጥ መስለሃል።

አንዳርጌ፦ ለመዋዕለ ሕፃናት የማስረክበው አለ። ሃያ ዝሆን፣ ሃያ ኤሊ…

የሺመቤት፦ መሶቡ ክዳን ላይ የተጋደመው ምንድን ነው?

አንዳርጌ፦ እሱማ… ቀለሙ እስኪደርቅ ብዬ ነው።

የሺመቤት፦ ምንድን ነው አልኩህ?

አንዳርጌ፦ አሳማ።

የሺመቤት፦ በስመ አብ! ለሰርጓ በሰጠኋት መሶብ ላይ አሳማ!

አንዳርጌ፦ የእንጨት እኮ ነው።

የሺመቤት፦ የወርቅም ቢሆን አሳማ አሳማ ነው። አንሣው! በእጅህ አይደለም፣ በጨርቅ! ልጄ እውነቷን ነው። «እማዬ፣ አቧራው ሊገድለኝ ነው» ስትለኝ አጋነነች ብዬ ነበር።

አንዳርጌ፦ አቧራው ነው አለችዎ?

የሺመቤት፦ ሌላ ምን አለ?

አንዳርጌ፦ ምንም።

የሺመቤት፦ «ምንም» የሚል ሰው ጆሮው እንዲህ አይቀላም። ተናገር።

አንዳርጌ፦ እሷ ካልነገረችዎ እኔ…

የሺመቤት፦ ተናገር ብዬሃለሁ!

አንዳርጌ፦ የፋሲካ ዕለት አክስቶቼ መጥተው ነበር። ዶሮውን የሠራችው ትርንጎ ናት። ትልቋ አክስቴ ድስቱን ከፍታ ብልቱን ቆጠረችው።

የሺመቤት፦ በሰው ጓዳ ገብታ?

አንዳርጌ፦ አሥራ አንድ ሆነ። «አሥራ ሁለተኛው በሮ ሄደ እንዴ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

የሺመቤት፦ አንተስ?

አንዳርጌ፦ እኔ…

የሺመቤት፦ አንተስ አልኩህ!

አንዳርጌ፦ ሳቅሁ።

የሺመቤት፦ እንትፍ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! አንተ ጥርስህን ስትገልጥላቸው ነው እነሱ የደፈሯት። ከአሳማው ይልቅ አንተ ታስጠላለህ። እሱስ መሶብ ላይ ያወጣው ሌላ ሰው ነው።

አንዳርጌ፦ ልክ ነዎት።

የሺመቤት፦ «ልክ ነዎት» አትበለኝ! ሌላስ ምን አሉ?

አንዳርጌ፦ ይተዉት፣ እማማ።

የሺመቤት፦ እኔን አነሡኝ?

አንዳርጌ፦ «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ብለንህ ነበር» አሉ። ይህን ስትሰማ ነው ነጠላዋን አንሥታ የወጣችው።

የሺመቤት፦ ለዚህ ነዋ አቧራ ያለችኝ።

አንዳርጌ፦ እርስዎ እንዳይሰሙ ብላ ነው።

የሺመቤት፦ በቃ። ሻንጣውን አምጣ!

አንዳርጌ፦ አመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ይቺን ይዩልኝ።

የሺመቤት፦ ደግሞ ምን ልታሳየኝ ነው? ጅብ?

አንዳርጌ፦ ዶሮ።

የሺመቤት፦ ይሄ ዶሮ ነው? መኪና የገጨው ነገር ነው እንጂ! ታፋውን ከመሐል ሰንጥቀህ፣ አንገቱን ከነደረቱ ገንጥለህ… ዓይኔ አይየው!

አንዳርጌ፦ አምስተኛዬ ናት። ብልቱ አንዴ ዘጠኝ፣ አንዴ አሥራ አራት ይሆንብኛል።

የሺመቤት፦ ለልጄ ማስተማሪያ መሆኑ ነው? የሳቃችሁባት አነሰና አሁን ደግሞ በጣውላ ሠራህላት!

አንዳርጌ፦ ለእሷ አይደለም። ለራሴ ነው።

የሺመቤት፦ ለራስህ?

አንዳርጌ፦ እጄ እንዲለምድ። ለመጪው በዓል አክስቶቼን እጠራና ዶሮውን እኔ እበልታለሁ፣ በፊታቸው። መቁጠር ካማራቸው የእኔን ይቁጠሩ።

የሺመቤት፦ ኤዲያ! ሴት በማጀት ወንድ በችሎት ሲባል አልሰማህም? ሱሪ ታጥቆ ዶሮ ብለታ! ይቀፋል።

አንዳርጌ፦ ይቅፈፍ። ትርንጎ ትመለስ እንጂ።

የሺመቤት፦ እንዴት ያለው ነው!

አንዳርጌ፦ እርሳሱን ይያዙና መስመሩን ያስምሩልኝ። እርስዎ ባሰመሩት ላይ መጋዟን አስኬዳታለሁ። ከዚያ ሻንጣውን ራሴ ተሸክሜ አደርስልዎታለሁ።

የሺመቤት፦ አምጣው! ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ተመልከት እንግዲህ። ሁለት ታፋ፣ ሁለት እግር። አራት።

አንዳርጌ፦ አራት።

የሺመቤት፦ ሁለት ክንፍ፣ ስድስት። አንገት፣ ሰባት። ፈረሰኛ፣ ስምንት። ጀርባ፣ ዘጠኝ። ደረቱ ግራና ቀኝ።

አንዳርጌ፦ አሥራ አንድ።

የሺመቤት፦ አሥራ አንድ… ክንፉን ቆጥሬዋለሁ?

አንዳርጌ፦ ቆጥረውታል።

የሺመቤት፦ አንገቱንስ?

አንዳርጌ፦ እሱንም።

የሺመቤት፦ እንጨትህ ጠማማ ነው! ዶሮ እንዲህ አይተኛም።

አንዳርጌ፦ ልገልብጠው?

የሺመቤት፦ ገልብጠው። ተወው፣ መልሰው።

አንዳርጌ፦ እማማ፣ እናንተ ቤት በበዓል ዶሮውን የሚበልተው ማን ነበር?

የሺመቤት፦ ጎረቤቴ አስካለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ሽንኩርቱን አቁላላለሁ፣ ቅመሙን አውቃለሁ። ጥሬውን ግን… ያ ቆዳው፣ ያ የረጠበ ላባ ሲሸተኝ ያስመልሰኛል። ከልጅነቴ ነው። ባሌ ሳያውቅ ነው የሞተው።

አንዳርጌ፦ ትርንጎስ?

የሺመቤት፦ በጓሮ በኩል ዞራ አስካለን የምትጠራልኝ ማን ሆነና?

አንዳርጌ፦ ለዚህ ነው ለአክስቴ መልስ ያልሰጠቻት።

የሺመቤት፦ «እናቴም አትችልበትም» አላለችም?

አንዳርጌ፦ አንድ ቃል አልወጣትም።

የሺመቤት፦ ልጄን! ስለ እኔ ስትል ዋጠችው። እኔ ደግሞ እዚህ ቆሜ ሰጋቱራ እጸየፋለሁ… ሻንጣው ከባድ ነው?

አንዳርጌ፦ ከባድ ነው።

የሺመቤት፦ እንግዲያው ካለበት አይነሣ። ነገ ትርንጎንም አስካለንም ይዤ እመጣለሁ፣ አስካለ ታሰምርልሃለች። መሶቡን በሎሚ ፈትገህ ጠብቀን።

አንዳርጌ፦ እሺ፣ እማማ! እፈትገዋለሁ!

የሺመቤት፦ ደግሞ ስትቆርጥ ሁለት ዶሮ ቁረጥ። የእንጨቱ አይሸትም፤ በአንዱ እኔ እማርበታለሁ።