አጭር ወንድ “እሷ” የሚባልበት ቋንቋ

የሰሜኑ ጦርነት በተጀመረ በዓመቱ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ወደምንሠራበት የግሮቭፖርት መጋዘን በሚያደርሰን ቫን ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት ተማሪ ታነባለች። አጠገቧ የተቀመጡት ድቡልቡል ያሉ ጋሼ ጠየቋት።

“ምንድን ነው የምታጠኚው?”

“ቋንቋ ነው ጋሼ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ረጅሙን ነገር እንደ ወንድ፣ አጭርና ክቡን እንደ ሴት የሚጠራ ቋንቋ አለ።”

“ሰውንም?”

“አጭርና ወፍራም ወንድን ‘እሷ’ ሊሉት ይችላሉ።”

“እኔን ቢያዩኝስ?”

“ይቅርታ ጋሼ፣ ‘መጣች’ ይሉዎታል።”

ቫኑ በሳቅ ተናጋ።

“እኛም እኮ ትንሽ ቤት ስናይ ‘ቤቷ’ እንላለን። ዘመዶቻችን ናቸዋ!” አሉ ጋሼ።

“አይደሉም። መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይሆንም፤ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ መወለድ አለባቸው።”

“ታዲያ የአማርኛ ዘመድ ማነው?”

“ትግርኛ ነዋ፣ ያውም የቅርብ።”

ሳቁ ቆመ።

“ይሄን ክላስ የሚሰጥሽ የትኛው ፓርቲ ነው?”

“ኮሌጁ ነው ጋሼ።”

“በይ ድሮፕ አድርጊው! ከእነሱ ጋር ከምዛመድ ፓፑዋ ሄጄ ሴት ብባል ይሻለኛል።”

ቫኑ እንደገና ሳቀ።

እኔም አብሬያቸው ፈገግ አልኩና፣ እህቴ በትግርኛ የላከችልኝን የድምፅ መልእክት ሳልከፍት ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።