የታሰረ ቧንቧ

ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ጋር ደረጃው ላይ ተገጣጠምን። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ፒንሳ፣ በሌላው ከብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ይዘዋል። እኔ ደግሞ ወደ እርሳቸው እየወጣሁ ነበር። ልጆቼ በሚተኙበት ክፍል፣ አምፖሉ አጠገብ፣ ኮርኒሱ ውሃ ማንጠባጠብ ጀምሯል። መብራቱን አጥፍቼ አልጋውን ብገፋም ኮርኒሱ ሲደረመስ፣ ኤሌክትሪክ ሲይዛቸው ይታየኝ ነበር።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ሻወር ነው መሰለኝ።"

"የእኔ? ትናንት እኮ እንደ ቁስል ጠቅልዬ ነው ያሰርኩት!"

የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪ የሆነችው ትልቋ ልጄ ተከትላኝ ወጥታ ነበር። "እስኪ እንየው አባባ" አለቻቸው።

ቧንቧው ከግድግዳው የሚወጣበት ቦታ በጥቁር ላስቲክ ተጠፍሯል። ልጄ ሻወሩን ከፍታ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ መልሳ ዘጋችው።

"የሚያፈሰው ሲከፈት ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው መስመር ደህና ነው፤ የላላው መጋጠሚያው ነው። መውጫውን ስላሰሩበት ውሃው በግድግዳው ውስጥ ወደ እኛ ይወርዳል።"

"አንቺ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስር ኖሬያለሁ! የአክስቴ ልጅ ቧንቧ እፈታለሁ ብሎ ቤቱን ወንዝ አደረገው።"

"የአክስትዎ ልጅ ዋናውን መዝጊያ ዘግተው ነበር?"

"እሱን እንኳ አልጠየቅሁም።"

እውነቱን ለመናገር ልቤ ከሽማግሌው ጋር ነበር። "ተይው፣ ሰው ይጠራ" አልኳት።

"እማዬ፣ ሰው እስኪመጣ ኮርኒሱ ይታገሰናል?"

መዝጊያው የእጅ መታጠቢያው ሥር ነው። ለዓመታት ስላልተነካ አልዞር አለ። ሽማግሌው ፒንሳቸውን አነሱ።

"በጉልበት ከሆነ ይሰበራል አባባ" ብላ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያለማመደች ዘጋችው። ሻወሩን ከፍታ የቀረውን ውሃ አስወጣች። ላስቲኩን ቆርጣ ቧንቧውን ስትፈታ ዓይኔን ጨፈንኩ። የቧንቧውን ጥርስ በብሩሽ አጽድታ፣ ከኪሷ ያወጣችውን ቴፍሎን የሚባል ነጭ ስስ ጥቅል በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠመጠመችበት፤ ቧንቧውን በእጇ አዙራ አስገብታ በፒንሳው ጥቂት አጠበቀች። መዝጊያውን ቀስ ብላ ለቀቀች፤ ሻወሩን ከፈተች። መጋጠሚያው ላይ ያስጠጋችው ወረቀት እንደደረቀ ቀረ።

ሽማግሌው ወረቀቱን ደጋግመው ዳሰሱት። "ስፌቱ የተተረተረ ሱሪ ቢያመጡልኝ በገመድ አስሬ አልመልስም ነበር" አሉ። "ኩሽናው ውስጥ ያሰርኩትንም ነይ አሳዪኝ፤ ራሴ ልፍታው።"

ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ እወቁ፤ እንዳይጣበቅም አልፎ አልፎ አዙሩት። ውሃው የሚያፈሰው ሁልጊዜ ነው ወይስ ሲከፈት ብቻ? ይህን የለየ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ማሰር ውሃውን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ ከግድግዳ አያስወጣውም፤ ከታችም የሰው ልጆች ይተኛሉ።

ኮርኒሱ በደንብ እስኪደርቅ አምፖሉን አላበራሁም፤ ልጆቹንም እኔ ክፍል አስተኛኋቸው። ሽማግሌው ሊታጠቡ በገቡ ቁጥር በመስኮት ይጣራሉ፦

"እናንተ! ጠብ አለ?"

"አላለም ጋሼ፣ ይታጠቡ!"