ጋሽ ፈገግና ከጀርባ የሚሠራው

«አይፈቀድልህም? በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዕቃዬ ላይ፣ አይፈቀድልህም?»

ጋሽ ፈገግ እንዲህ እያሉ ከኮምፒውተራቸው ጋር ግብ ግብ በያዙበት ሰዓት ነው ዶፉ የወረደው። ባይወርድ ኖሮ ያቺ ልጅ በፎቶ ቤቱ በረንዳ ሥር ባልተጠለለች፣ ጩኸቱን ሰምታም ወደ ውስጥ ባልገባች ነበር።

ጋሽ ፈገግ ፎቶ አንሺ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ደንበኛውን ሁሉ «ፈገግ በሉ!» ሲሉ ስለኖሩ ሰፈሩ እውነተኛ ስማቸውን ረስቶታል፤ ሚስታቸው እንኳ የምታስታውሰው ስትቆጣቸው ብቻ ነው። በዚያን ቀን ግን ፈገግታ ከፊታቸው ርቋል። የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊው ልጅ በማግሥቱ ታገባለች። ጋሽ ፈገግም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያነሷትን ፎቶ ሁሉ በአንድ አልበም አሰባስበው ሊሰጧት ለአባቷ ቃል ገብተዋል። የድሮው ፊልም ሁሉ ተገልብጦ የተቀመጠው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ የሙሽራዋ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ሰው ሁሉ መልክ። ኮምፒውተሩ ደግሞ አንድ ፎቶ ለመክፈት ሲያምጥ ይውላል።

«ጋሼ፣ ደኅና ዋሉ? ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?» አለች ልጅቷ፣ የጸጉሯን ውሃ እያራገፈች።

ቀና ብለው አዩዋትና ፊታቸው በራ። «አልቃሻ! አንቺ አልቃሻ፣ እንዲህ አድገሽልኛል?»

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ትምህርት ቤት በገባችበት ቀን ለፎቶ ሲያቆሟት እሪ ብላ ያለቀሰች፣ በአሻንጉሊት ቢያባብሏት፣ እንደ ድመት ቢጮሁላት ፈገግ አልል ያለች ብቸኛ ደንበኛቸው እሷ ናት። ያ የለቅሶ ፎቶ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አሁን ተምራ፣ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን የምትንከባከብ ባለሙያ ሆናለች።

«እንኳን መጣሽልኝ!» አሉ ጋሽ ፈገግ፣ ክንዷን ይዘው ወደ ጠረጴዛው እየጎተቱ። «ይኸን ታስክ ማኔጀር የሚሉትን ተመልከቺ። ውስጥ ያለው ሁሉ በየስሙ የሚታየው እዚህ ነው አይደል? ይኸ ደግሞ አንቲቫይረስ ነኝ ይላል። አልጠራሁት፣ አላዘዝኩት፤ የኮምፒውተሩን ጉልበት ግን ሙልጭ አድርጎ ይበላል። ዕቃውን የሸጠልኝን ሰውዬ ‹ባክግራውንድ የሚለው ምንድን ነው?› ብዬ ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ከጀርባ የሚሠሩ ናቸው ጋሼ!› አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ!»

«እና ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? እኔ ባክግራውንድ ብዬ የማውቀው ያንን ነው።» ፏፏቴ ወደተሳለበት የፎቶ መጋረጃ ጠቆሙ። «እሱ እንግዲህ ዝም ብሎ ይቆማል፣ በማንም ላይ ክፉ ሠርቶ አያውቅም። ከጀርባዬ የሚሠራ ግን፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ ጠላቴ ነው! ውጣ ስለው ‹አይፈቀድልህም› አለኝ። ስለዚህ ዛሬ ከነሥሩ ነቅዬ እጥለዋለሁ፤ አልበሙንም በሰላም እጨርሳለሁ።»

የልጅቷ ሳቅ እስከ ጉሮሮዋ መጣ፤ ግን በትልቅ ሰው አይሳቅምና ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው። መቼም ያልገባንን ነገር ከመጠየቅ መጠርጠር ይቀለናል፤ በዚህ ጋሽ ፈገግ ብቻቸውን አይደሉም።

«ጋሼ፣ ከመንቀልዎ በፊት አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ሱቁን ዘግተው ሲሄዱ ቁልፉን በሩ ላይ ትተውት ይሄዳሉ?»

«አበድኩ እንዴ!»

«እሱም አላበደም። በአንድ ቃል ‹ውጣ› ሲሉት የሚወጣ ጠባቂ፣ ሌባውም ‹ውጣ› ቢለው ይወጣል። ቫይረስ የሚባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ገና ሲገባ የሚሞክረው ጠባቂውን ማጥፋት ነው። የከለከለዎት እርስዎን ንቆ ሳይሆን፣ እርስዎን መስሎ የሚመጣውን ፈርቶ ነው።»

ጋሽ ፈገግ ልክ እንደሆነች ገብቷቸዋል፤ ግን ለትናንቷ አልቃሻ ቶሎ እጅ መስጠት ከበዳቸው።

«ይሁን፣ ጠባቂ ነው እንበል። ጠባቂ በር ላይ ይቆማል እንጂ እንዲህ ሥራ ያስፈታል?»

«እዚህ ላይ እውነትዎን ነው» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጋሽ ፈገግ ደስ አላቸው፤ እውነትዎን ነው የሚላቸው ሰው ካገኙ ሰንብተዋል። «እሱ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ‹ማነህ፣ ከየት መጣህ?› ይላል። ብቻውን ሲሆን ይኸ ብዙም አይታወቅም። ግን ይዩ፣ እዚህ ያሉት ሁለት የተለያዩ አንቲቫይረሶች ናቸው። አንዱን ማን አስገባው?»

«የሸጠልኝ ሰውዬ።»

«ሌላውንስ?»

ጋሽ ፈገግ ጆሯቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «እኔው ነኝ፣ ልጄ። የመጀመሪያው ከጀርባዬ እየሠራ ስለሆነ፣ እሱን የሚጠብቅልኝ ሌላ ይኑር ብዬ።»

አሁንስ አልቻለችም፤ በሳቅ ፈረሰች። እሳቸውም ተከትለዋት ሳቁ።

«ይኸዋ ጉዱ! አንዱ ፎቶውን ሲፈትሽ፣ ሌላው ፈታሹን ይፈትሻል። ሁለት ዘበኞች በር ላይ ቆመው ‹አንተ ማነህ?› ‹አንተስ ማነህ?› ሲባባሉ ደንበኛው ውጭ ዝናብ ይመታዋል። በዚያ ላይ ዳር እስከ ዳር የሚያስሰው ትልቁ ፍተሻ የተመደበው ጠዋት ላይ ነው፤ ልክ ሥራ ሲበዛብዎ።»

«ታዲያ የፎቶዎቼን ክፍል አትንኩ ብንላቸውስ? ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ይቻላል። ግን ጋሼ፣ ውድ ዕቃ ያለበትን ክፍል ‹እዚህ አትጠብቅ› የሚል ባለቤት አለ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ኮምፒውተር ሆኗል!» አሉ። ቢሆንም እልሃቸው አልበረደም። «እሺ፣ ሁሉም ይሁን። ግን ለምን ከጀርባ? ደኅና ነገር የሚሠራ ከሆነ ፊት ለፊት ወጥቶ አይሠራም?»

ልጅቷ ዞር ብላ ግድግዳውን ቃኘች፤ ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ መንትዮች፣ ዋንጫ የታቀፉ ኳስ ተጫዋቾች፣ ከመሐላቸው ደግሞ አፏን ከፍታ የምታለቅስ አንዲት ትንሽ ልጅ።

«እነዚህን ሁሉ ማን አነሣቸው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ያነሣቸዋል?»

«እርስዎ የታሉ?»

ጋሽ ፈገግ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ አዩት። ዕድሜያቸውን ያሳለፉበት ግድግዳ ነው፤ ራሳቸውን ግን ፈልገውበት አያውቁም።

«እኔማ... ከካሜራው ጀርባ ነዋ» አሉ፣ ድምፃቸው እየቀነሰ።

«እዚያ ሆነው ምን ይሠራሉ?»

«ሰው አንገቱን እንዳያጣምም፣ ዓይኑን እንዳይከድን፣ ጥላ እንዳያርፍበት... እጠብቃለሁ።»

«እጠብቃለሁ» ማለታቸውን የሰሙት ቃሉ ካፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ማውሱን ወደ ልጅቷ ገፋ አደረጉ። «እስቲ አስተካክዪልኝ።»

«እርስዎ ያስተካክሉት፤ እኔ ከጀርባዎ ሆኜ አያለሁ» አለች እየሣቀች።

መነጽራቸውን አጥልቀው ጀመሩ። በየጊዜው የሚታደሰውን አንቲቫይረስ አስቀርተው፣ ዕድሳቱ የተቋረጠውን ሌላውን በግድ ከመግደል ይልቅ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «አራግፍ» በሚለው በሥርዓቱ አሰናበቱት፤ ኮምፒውተሩንም አጥፍተው አስነሡት። ትልቁን ፍተሻ እሳቸው ምሳ ወደሚበሉበት ሰዓት አዛወሩት። እንግዳ ስም ታስክ ማኔጀር ላይ ባዩ ቁጥር ከመደንገጥ ይልቅ ማን እንደሠራውና ከየትኛው ፎልደር እንደተነሣ ማየትንም አስተማረቻቸው፤ ጠባቂ ነኝ እያለ የሚገባ አስመሳይም አይጠፋምና። ሲጨርሱ የሙሽራዋን የልጅነት ፎቶ ቢነኩት፣ ጣታቸውን ሳያነሡ ከች አለ።

«እሰይ! ወጣት ሆነ እኮ!»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ሙሽራው ራሱ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ ገባ። የአልበሙ የመጨረሻ ገጽ የሁለቱን የጋራ ፎቶ እየጠበቀ ነበርና ፎቶውን የያዘውን ፍላሽ ዲስክ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ጋሽ ፈገግ ሰኩት። ወዲያው በስክሪኑ ጥግ ትንሽ መልእክት ብቅ አለች፤ አደገኛ ፋይል ተገኝቶ ለብቻው ተዘግቶበታል ትላለች።

«እኔ ምንም አላደረግሁም!» አለ ሙሽራው ደንግጦ። «ትናንት አንድ ቦታ ወረቀት አሳትሜበታለሁ እንጂ።»

ልጅቷ የፋይሉን ስም አነበበችና ፊቷ ኮስተር አለ። «ጋሼ፣ ይኸ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ፎቶዎቹን በሙሉ ይቆልፋቸው ነበር። መክፈቻ የለውም።»

ጋሽ ፈገግ ፍላሹ ላይ አፈጠጡ። የሙሽራዋ የመጀመሪያ ልደት፣ የሞቱት የሰፈር ሰዎች ፈገግታ፣ የአልቃሻዋ ለቅሶ፣ ሁሉም በአንድ ፍላሽ ሊጠፋ ነበር፤ ያውም ጠባቂውን በእጃቸው ነቅለው ሊጥሉት በተዘጋጁበት ቀን። ከወንበራቸው ተነሡና ለኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ አላወቅሁህም ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፍላሹ ጸዳ፣ ፎቶዎቹ ደኅና ሆነው ተገኙ፣ አልበሙም ልብስ ሰፊው ሊወስደው ሲመጣ ተጠርዞ ጠበቀው። ጋሽ ፈገግ ግን አልበሙን ከመስጠታቸው በፊት ሰውዬውን አስቀምጠው ሰበኩት። «አንድ ጠባቂ በቂ ነው፤ ሁለት ከሆኑ ይጣላሉ። በየጊዜው አሳድሰው። ትልቁን ፍተሻ ሥራ በሌለህ ሰዓት አድርግለት፤ ያኔ ሥራህ ይቀላጠፋል፣ ንብረትህም ይጠበቃል፣ አንተም ከዕቃህ ጋር አትጣላም። ደግሞም ጠባቂ ሊሳሳት ይችላልና የምትወደውን ፎቶ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠህ አስቀምጥ። ይኸን የነገረችኝ እሷ ናት።»

«ጋሽ ፈገግ፣ እኔ እኮ ኮምፒውተር የለኝም» አለ ልብስ ሰፊው።

«ስትገዛ ታስታውሰዋለህ!»

ዝናቡ አባርቷል። ልጅቷ ቦርሳዋን አነገተችና በሩ ጋ ስትደርስ ተመለሰች። ካሜራውን አነሣች። «ጋሼ፣ መጋረጃው ፊት ይቁሙልኝ። ያ ግድግዳ አንድ ሰው ጎድሎታል።»

«ተይ እባክሽ፣ እኔ እዚያ ቆሜ አላውቅም...»

አልሰማቻቸውም። ልብስ ሰፊው ኮሌታቸውን አስተካከለ፣ ሙሽራው መብራቱን ያዘ። ጋሽ ፈገግ ፏፏቴው ፊት ቆመው እጃቸውን የሚያስገቡበት ጠፋቸው። ሁሉም እሳቸውን ብቻ እያየ ነው።

«ፈገግ ይበሉ ጋሼ!»

ሊሉ ነበር። ግን እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ የደስታ እንባ። ካሜራው ያኔ ብልጭ አለ።

ፎቶው አሁን ግድግዳው ላይ፣ ትምህርት ቤት ከገባችው ትንሽ ልጅ ጎን ተሰቅሏል። ደንበኛ ሁሉ እያየ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ጋሽ ፈገግም «ሁለት አልቃሾች» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።