ምሰሶው ወይስ ቦታው

መጽሐፍ ጠራዡ ልጅ ሳለ አባቱና ጎረቤታቸው በመብራት ምሰሶ ሲጨቃጨቁ ሰምቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ክርክር ትዝ የሚለው የጎረቤታቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «አንተ ሰው፣ የተጣላኸው ከምሰሶው ነው ከቦታው?» አባቱ ምን እንደ መለሱ ግን ጠፍቶበታል።

ዛሬ በስተርጅናው፣ ከመጽሐፍ መጠረዣ ሱቁ ደጃፍ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ የስልክ አንቴና የተሸከመ ምሰሶ ቆሟል። ከግርጌው ቁም ሣጥን የሚያህል የብረት ሣጥን ቀን ከሌት ያጓራል። ጠራዡ ደጋግሞ አቤት ቢልም ባዶ እጁን ተመልሷል። በማዘጋጃ ቤቱ የፈቃድ ክፍል የምትሠራው የእህቱ ልጅ በዚያ ስታልፍ ድንገት ቢያገኛት፣ ሰላምታዋን እንኳ አላስጨረሳትም።

«ንቀሉልኝ! ጨረሩ አናታችንን ሊያበስለው ነው!»

«ጋሼ፣» አለች በረጅሙ ተንፍሳ፣ «ስንቴ ልንገርዎት? ጨረሩን የሚለካው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ለክቶ ‹ከወሰኑ አላለፈም› ብሏል። በዚያ ሰበብ እንዳንከለክል ሕጉ እጃችንን አስሮታል።»

«ታዲያ እናንተ ለጌጥ ነው የተቀመጣችሁት?»

ይህን ሲል ስልኩ ጮኸ። «ሃሎ! አይሰማም! ቆይ!» እያለ ወደ ምሰሶው ተጠጋ።

«ይጠጉ ጋሼ፣ ይጠጉ፤ እዚያ ሥሩ ጥሩ ይሰማል።»

«አትቀልጂብኝ!» ስልኩን ዘጋው።

«እሺ ይቅር። እትዬ ግን ምነው ከቤት መውጣት ተዉ?»

የሚስቱ ነገር ሲነሣ የጠራዡ ድምፅ ወረደ። «ተሽከርካሪ ወንበሯ በሣጥኑና በግድግዳው መሐል አያልፍም። ወደ አስፋልቱ አወርዳት ነበር፤ አንድ ቀን መኪና ታክኮን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ጸሎት ቤት እንኳ ቀረች።»

የእህቱ ልጅ ጭንቅላቷን ያዘች። «ይህንን ለምን አቤት አላሉም?»

«የቤቴን ጉድ ላሰማ? ደግሞ የአንዲት አሮጊት ወንበር ከጨረር ይበልጣል?»

«ለእኛ ይበልጣል! የት እንደሚቆም፣ ምን ያህል እንደሚጮህ፣ ለእግረኛ ምን ያህል እንደሚተርፍ ደንብ የምናወጣው እኛ ነን፤ ሰሞኑንም ነዋሪውን ጠርተን እንወያይበታለን። ኩባንያውን ‹ሣጥኑን ቅበር፣ ወይም ጥግ አስይዝ› ማለት እንችላለን። አንቴናው ይቆያል፤ እትዬን ቢያማቸው ሐኪም የሚጠሩት በእሱ ነው። መንገዱ ሲለቀቅ ዓይነ ስውሩም፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋውም ያልፋሉ። እርስዎ የማንችለውን እየጮኹ የምንችለውን ደበቁን! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ጠራዡ ዞሮ ሣጥኑን ተመለከተ። ሰው በጸሎቱም እንዲሁ ነው፤ ያመመውን ትቶ ሌላ ሲለምን ይኖራል። አምላክ ያልተነገረውንም ያውቃል፤ ማዘጋጃ ቤት ግን ካልነገሩት አያውቅም። ያ የልጅነት ጥያቄ መጣበት። የአባቱ መልስ አሁንም አልታወሰውም፤ የራሱ ግን አፉ ላይ ነበረ።

«ከቦታው ነው።»

«ምን አሉ?»

«ደንቡ ላይ የምትወያዩት መቼ ነው?»

«ነገ ጠዋት። ስለ ጨረር ሊጮኹ ከሆነ ግን በእግዚአብሔር፣ ይቅሩብኝ።»

«ስለ ጨረር ትንፍሽ አልልም። እሷን በወንበሯ እየገፋሁ አመጣታለሁ። የምትናገረውም እሷው ናት።»