ሠላሳ ስምንት «አልገባኝም»

ክብርት ርዕሰ መምህርት፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከፊት ወንበር ላይ ሆነሽ «አሳጥር» እያልሽ በዓይንሽ የምትቆጪኝ ባለቤቴ፤ ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እጅ እነሳለሁ። ስለ ግድግዳ ሰዓቱም አመሰግናለሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ደወል ሲያዘኝ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ደግሞ ሰዓት? ግድ የለም፣ እሰቅለዋለሁ።

ንግግሬን ጽፌ ነበር የመጣሁት። ግን ከእኔ በፊት የተናገራችሁት ሁሉ «አዲሱን ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል ያስገቡ ፈር ቀዳጅ» ስትሉ፣ ማንን ነው ብዬ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሌላ ጊዜ የለኝም።

ዓምና ታብሌቶቹ ሲመጡ የእኔ የሒሳብ ክፍል ለምን እንደተመረጠ ታስታውሳላችሁ? «ሽማግሌው ከተቀበሉት ሌላው አይከራከርም» ተብሎ ነው። የኮምፒውተር መምህርታችን ሦስት ቀን አሠለጠነችኝ። ልጄ፣ ትዕግሥትሽን አልረሳውም። «ይህን ሲነኩት ይከፈታል» ስትዪኝ ሁለት ጊዜ እየነካሁ ስዘጋው፣ አንድም ቀን ፊትሽ አልተቀየረም።

የመጀመሪያው ትምህርት ክፍልፋይን በክፍልፋይ ማካፈል ነበር። እንደ ልማዴ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ «ሁለተኛውን ገልብጡና አባዙ» አልኩ። ከዚያ ዘወር ብዬ፦

«ገባችሁ አይደል?»

«አዎ፣ ቲቸር!» አርባ ሦስት ልጅ፣ በአንድ ድምፅ።

ይቺን «አዎ» እኔ ስሰማት ነው ያረጀሁት። ያን ቀን ግን በታብሌቱም መጠየቅ ነበረብኝ። ሁለት ቁልፍ ነው ያለው፤ «ገባኝ» እና «አልገባኝም»። ስም አይታይም፣ ቁጥር ብቻ ነው በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ የሚወጣው። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ነካኩ። ቀና ብዬ አየሁ። ገባኝ፣ አምስት። አልገባኝም፣ ሠላሳ ስምንት።

ምን አደረግሁ? ፕሮጀክተሩን ነቀልኩት። ታብሌቶቹን ሰብስቤ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩና ወደ ቢሮ ሄድኩ። ክብርት ርዕሰ መምህርት፣ ያ ሦስት ሳምንት «ተበላሽቷል» ያልኩዎት ዕቃ አልተበላሸም ነበር። ለአቅራቢዎቹ የጻፉት የቁጣ ደብዳቤም በከንቱ ነው የሄደው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም። የኮምፒውተር መምህርታችን አንዴ ሰክታ አይታዋለች። «ደህና ነው እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ። የቁምሳጥኑን ቁልፍ ከኪሴ እንዳላወጣሁ ስታይ ግን ለማንም አልተናገረችብኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ከኋላ ረድፍ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ መጣች። እኔ በልቤ «ጎበዟ» ነበር የምላት። ለምን? ባስተማርኩ ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች። ሲደክመኝ እሷን እያየሁ ነበር የማስተምረው። መምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ፦

«ቲቸር፣ ያ ነገር መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ምን ያደርግልሻል? አንቺ እንደሆነ ይገባሻል።»

«ኧረ አልገባኝም። እሱ ላይ ነበር የተናገርኩት።»

«አፍ የለሽም? ሁልጊዜ እጠይቃችሁ የለ እንዴ?»

«እርስዎ እኮ መልሱን ይዘው ነው የሚጠይቁን። ‹ገባችሁ አይደል?› ካሉ በኋላ ማን አልገባኝም ይላል?»

ቀጥላም «ለምንድን ነው ግን የሚገለበጠው?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሳስገለብጥ ኖሬ ለምን እንደሚገለበጥ አላውቅም። እኔም በልጅነቴ «አዎ» ብዬ ነው ያለፍኩት። አፈርኩ። «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ ሸኘኋት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ ልብስ ሰፊ መሆኗን ታውቃላችሁ፣ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሃል?» አለች። ነገርኳት። ግማሽ ሜትር ጨርቅ ዘረጋችና «ከዚህ ላይ ሩብ ሩብ ሜትር ብቆርጥ ስንት ይወጣል?» አለችኝ።

«ሁለት።»

«ግማሽ ለሩብ ሲካፈል ማለት ይኼ አይደለም? አንድ ሜትር አራት ሩብ አለው፤ ግማሹ ደግሞ የአራት ግማሽ ነው። ገልብጠህ በአራት የምታባዛው ለዚህ ነው። ታዲያ ምን አስለፋህ?»

በማግስቱ ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። ጨርቁን ይዤ ገባሁ፣ እንደገና አስተማርኩ፣ ቁልፉን አስነካሁ። አልገባኝም፣ ዘጠኝ። ለዘጠኙ ደግሞ ሌላ ጨርቅ ቆረጥኩ። ፈር ቀዳጅነቴ ይኸው ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባል፣ አይደል? አላውቅም። ዕቃው ያስተማራቸው መስሏችሁ ከሆነ፣ ያስተማራቸው ጨርቅ ነው። እኔ ነኝ እንዳልል፣ ያለ ዕቃው ጨርቁን አላወጣም ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ «ቲቸር!» ብሎ የሚያቅፈኝ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ይጨንቀኛል። ባንክ የገባው፣ ነርስ የሆነችው፣ ስንቱ ነው «አዎ» ብሎኝ የሄደው? እነሱ «አልገባኝም» የሚሉበት ቁልፍ አልነበራቸውም። ይህ ነገር ያመኛል፤ መድኃኒቱንም አላገኘሁትም።

ክብርት ርዕሰ መምህርት፣ እርስዎም የእኔ ተማሪ ነበሩ። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ። ገብቶዎት ነበር?

ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም። እኔም ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ ያልጠየቅሁዎት።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። እጃችሁ የነካው ይለምልም። የምትደክሙላቸው ልጆች ለወግ ለማዕረግ ይብቁላችሁ። አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር እንደ እኔ አትደንግጡ፤ ብትደነግጡም ቁምሳጥን አትቆልፉበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አልገባኝም» የሚላችሁ ልጅ አይጥፋባችሁ።

ግማሽ ሜትሩ ጨርቅ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ባለቤቴ መቀስ ይዛለች። ክብርት ርዕሰ መምህርት፣ አሁን ራስዎን እየነቀነቁ ነው፤ እሱን ይተዉትና ከሠላሳ ዓመት በፊት ልጠይቅዎት የሚገባኝን ልጠይቅ። የቱ ጋ ነው ያልገባዎት?

አልቸኩልም፤ ሰዓት ሰጥታችሁኛል።