ለአንድ ቤት አንድ ስልክ ይበቃል ወይ?

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ከታክሲ ስወርድ የሐምሌ ዝናብ ያዘኝ። ጃንጥላ አልያዝኩም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ያላረምኳቸው የክረምት ተማሪዎቼ ወረቀቶች ነበሩ። ስለዚህ እየሮጥኩ በአንዲት ሱቅ የቆርቆሮ ክዳን ስር ተጠለልኩ። እዚያም ሁለት የሰፈሬ ሰዎች ቀድመውኝ ቆመው ሲከራከሩ ደረስኩባቸው።

አንደኛው የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በመሬት ቅየሳ ሥራ አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ የጀመሩትን ነገር በቀላሉ የማይለቁ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛዋ ሀይፋ ትባላለች፤ የኮምፒውተር ትምህርቷን ዓምና የጨረሰች የልብስ ነጋዴው የኢብራር ልጅ ናት። የሰፈራችን ወንዝ ሲሞላ ለየቤቱ በራሱ እየደወለ የሚያስጠነቅቀውን የእድራችንን ፕሮግራም የሠራችው እሷ ናት።

"መምህር፣ እንኳን መጡ!" አሉኝ አቶ ሰይፈሥላሴ። "ይቺ ልጅ ቤታችንን ልታፈርሰው ነው።"

"ኧረ አባባ፣ እኔ እኮ የምለፋው ወንዙ እንዳያፈርሰው ነው" አለች ሀይፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የጣለው ዶፍ ወንዙን ሞልቶ አፈሰሰው። ፕሮግራሙም በወንዙ ዳር ላሉ ቤቶች በሙሉ ደወለ። ወደ ልብስ ሰፊዋ በላይነሽ ቤት የደወለው ግን ለባለቤቷ ለደመቀ ብቻ ነበር። ደመቀ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በዚያች ሰዓት አፋር በረሃ ውስጥ፣ ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ላይ ነበር። በላይነሽ ከአልጋ ለማይነሱት እናቷ ልብስ እየቀየረች ሳለ ውሃው በበሩ ስር ገባ። ጎረቤቷ ጀይሉ ጩኸቷን ሰምቶ፣ እስከ ወገቡ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ አሮጊቷን በጀርባው ባያወጣቸው ኖሮ፣ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ታሪክ በሆነ ነበር። ፍራሹና የበላይነሽ የስፌት መኪና ግን በጭቃ ተበላሹ።

"እኔ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ነው የምለው" አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ። "መጀመሪያ የተመዘገበው የበላይነሽ ስልክ ነው። እኔ ራሴ ነኝ ያስመዘገብኳት። ታዲያ የት ገባ?"

"ጋሽ ደመቀ መጥቶ የራሱን ሲያስመዘግብ የሷ ጠፋ" አለች ሀይፋ። "'ለአንድ ቤት አንድ ስም' ብላችሁ ስለወሰናችሁ፣ መዝገቡን የሠራሁት በእያንዳንዱ የቤት ቁጥር ስር አንድ ስልክ ብቻ እንዲይዝ አድርጌ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ሁለተኛ ስልክ ሲሰጡት የመጀመሪያውን አውጥቶ ይጥልና አዲሱን በቦታው ያስቀምጣል። ምንም አይናገርም፤ የጠፋውንም ማንም አያውቅም።"

"እና ምን ይሁን ነው የምትዪው?"

"ሌላ ዓይነት መዝገብ አለ አባባ። በአንድ የቤት ቁጥር ስር ብዙ ስልክ መያዝ ይችላል። አዲሱ ሲመጣ የነበረውን አይደመስስም፤ ከኋላው ይሰለፋል። ተራቸውንም እንደያዙ ይቆያሉ።"

ሽማግሌው ግራ እንደገባቸው ስታይ፣ ፊት ለፊታችን በዝናቡ ውስጥ የተደረደሩትን ታክሲዎች አሳየቻቸው።

"እነዚያን ይዩዋቸው፤ ሁሉም ጦር ኃይሎች የሚሄዱ ናቸው። መድረሻው አንድ ነው፣ ታክሲው ግን ብዙ። አሁን አንድ አዲስ ታክሲ መጥቶ የቆመውን እያባረረ ቦታውን ቢይዝና የእሱም ጎማ ቢተነፍስ፣ ተሳፋሪው ምን ይውጠዋል? በተራ ከቆሙ ግን የፊተኛው ቢበላሽ ቀጣዩ ይጭናል። የኔም ሐሳብ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ስልክ ካልተነሳ ፕሮግራሙ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይደውላል፤ አንድ ሰው 'ሰምቻለሁ' እስኪል ድረስ።"

"ጥሩ አስረድተሻል" አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ በትሕትና። "ነገር ግን ልጄ፣ ቤት ታክሲ አይደለም። እኛ ስናድግ ቤት የሚጠራው በአባወራው ነበር፤ እድራችንም በዚሁ ሥርዓት ነው የቆየው። አሁን አንቺ ባልና ሚስትን አሰልፈሽ አንዱን ፊት፣ አንዱን ኋላ ስታደርጊ በየቤቱ ጠብ አይነሳም? 'ሚስቴ ከእኔ ቀድማ ተጻፈች' ብሎ የሚያኮርፍ የለም?"

ይህ ሥጋት ባዶ አልነበረም። እኚህ ሰው የተጣላ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው፤ ትንሽ የምትመስል ነገር ትዳር ስታናጋ በዓይናቸው አይተዋል። ሀይፋም ይህን ስለምታውቅ አልሳቀችባቸውም።

"ተራው የክብር አይደለም አባባ፣ የቅርበት ነው" አለች። "ጎርፍ ሲመጣ 'የቤቱ ጌታ ማነው?' ብለን አንጠይቅም፤ 'አሁን እዚያ ቤት ማን ሊደርስ ይችላል?' ነው የምንለው። ደግሞ ተራውን የምሰጠው እኔ አይደለሁም፣ ፕሮግራሙም አይደለም። ቤተሰቡ ተመካክሮ ይስጠን፤ መዝገቡ የተሰጠውን ተራ ሳያዛባ ይጠብቃል።"

"ሰው ስልክ ቁጥሩን ይቀይራል። ያረጀ ቁጥር ሲከማችስ?" አሉ ሽማግሌው።

"እሱ እውነት ነው፤ መሰረዝ ይኖርብናል። ግን ሰው አይቶና ጠይቆ ሲሰርዝ ነው እንጂ፣ አዲስ ስለመጣ ብቻ የነበረው ዝም ብሎ መጥፋት የለበትም። በየክረምቱ መግቢያ ቤት ለቤት ዞረን እናጣራለን።"

በዚህ ጊዜ እኔም አንድ ጥያቄ አነሳሁ። "አቶ ሰይፈሥላሴ፣ በላይነሽ ስልኳ ከመዝገቡ መውጣቱን ታውቅ ነበር?"

"አታውቅም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያውም ወንዙ ሲሞላ ይደወልልሻል፣ አትስጊ ብዬ ነግሬያታለሁ። እኔን አምና ነው የተቀመጠችው።"

ዝናቡ ጋብ ሲል ደመቀ በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ፍራሽ ተሸክሞ ከመንገዱ ማዶ ብቅ አለ። አቶ ሰይፈሥላሴ ጠሩት።

"ደመቀ፣ እኔ የምከራከረው ላንተ ክብር ነው። ከሚስትህ ኋላ ብትጻፍ ቅር አይልህም?"

ደመቀ ፍራሹን ከግድግዳው አስደገፈና ግንባሩን ጠረገ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስገባ የእድሩን ጥሪዎች አየሁ። ለበላይነሽ ብደውል፣ ብደውል ስልኳ አይሠራም፤ ለካ ውሃ ገብቶበት ኖሯል። ጀይሉን እስካገኘው ድረስ መኪናውን እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም። ሁለቱንም ያጣኋቸው ነበር የመሰለኝ። የምን ክብር ነው የሚሉኝ? እሷን መጀመሪያ ጻፏት። ቀጥሎ የጀይሉን ሚስት አልፊያን፤ ግድግዳ ለግድግዳ ነን። እኔን መጨረሻ ላይ ጻፉኝ።"

አቶ ሰይፈሥላሴ ወደ ሀይፋ ዞሩ።

"ይህን ለማስተካከል ያስቸግርሻል?"

"ፕሮግራሙ አያስቸግርም። ከየቤቱ ስልክ መሰብሰቡ ነው ከባዱ።"

"እሱን ለእኔ ተዪው" አሉ።

እንዳሉትም የላስቲክ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው በየበሩ ዞሩ። አንዳንዱ አባወራ ሲያንገራግር፣ ራሳቸው ቀድሞ ያነሱትን ክርክር መልሰው ራሳቸው ሲያፈርሱት ሰምቻለሁ።

በነሐሴ ወንዙ እንደገና ሞላ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ለበላይነሽ ደወለ። እሷ ጦር ኃይሎች የስፌት መኪናዋን ልታሠራ ሄዳ፣ በገበያው ሁካታ ስልኳን አልሰማችም። ጥሪው ወደ አልፊያ አለፈ። አልፊያ አነሳች፤ ባሏን ጠራች፤ ውሃው ደጃፉን ሳይነካ አሮጊቷን በእድሩ አዳራሽ፣ በደረቅ አልጋ ላይ አስተኟቸው። በላይነሽ ስትመለስ እናቷ ሾርባ እየጠጡ አገኘቻቸው።

ጥቅሙ በዚህ አላበቃም። ዘመድ የሌላት ጉዲቱ ጎረቤቶቿን አስመዘገበች። ሌሊት ሥራ የሚያድሩ ሰዎች ቤት የሚያድሩትን ከፊታቸው አስቀደሙ። ከሁሉ በላይ፣ ስማቸው በባላቸው ስም ተሸፍኖ የኖረ ሴቶች በእድራችን መዝገብ በገዛ ስማቸው ሰፈሩ። የተፈራው ጠብ ግን በየትኛውም ቤት አልተነሳም። የቆየ ልማድ ሲሻሻል የነበረው ሁሉ ይጠፋል ብለን የምንሰጋ ሰዎች፣ የነበረውን ሳይጥሉ አዲሱን መጨመር እንደሚቻል ከዚህ ብንማር መልካም ነው።

በመስከረም ጠቅላላ ስብሰባ አቶ ሰይፈሥላሴ በሙሉ እድርተኛ ፊት ተነሡ። "አንድ ቤት በአንድ ሰው የሚጠበቅ ይመስለኝ ነበር" አሉ። "ተሳስቻለሁ። ይቺን ልጅ አመሰግናለሁ።"

ጭብጨባው ሲያባራ ሀይፋ ኮምፒውተሯን እንደከፈተች እጇን አነሳች። "አባባ፣ የሁሉን ሲሰበስቡ የራስዎን ቤት ረስተውታል። ከእርስዎ ቀጥሎ ማንን ልጻፍ?"

ሽማግሌው ልጅ አልወለዱም፤ ባለቤታቸውም ካረፉ ቆይተዋል።

"እንግዲህ... ሌላ ሰው የለኝም" አሉ።

አልፊያ ከመቀመጫዋ ተነሣች። "እኔን ጻፊ!" አለች። ወዲያው በላይነሽ ተነሣች፤ ጉዲቱ ከኋላ ጮኸች፤ ደመቀና ጀይሉ እጃቸውን አወጡ፤ አዳራሹ በሙሉ ስሙን ይጠራ ጀመር። ሀይፋ ከኮምፒውተሯ ቀና አለች።

"አባባ፣ ማንን ላስቀድም?"

አቶ ሰይፈሥላሴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"በተነሡበት ተራ ጻፊያቸው" አሉ። "አንዱም እንዳይቀርብኝ።"